የእኔ መረብ ቀዳዳ የለውም

ጡረታ ወጣሁ ስል ሰው ይስቅብኛል። ጡረታ የሚወጣው የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው፤ አንተ መቼ መሥሪያ ቤት ነበረህና ይሉኛል። ይበሉ። ሠላሳ አምስት ዓመት የጎል መረብ ቋጥሬ፣ በአውቶቡስ ጭኜ፣ ሰቅዬ፣ አውርጄ፣ እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አቆምኩ። ይህ ጡረታ ካልሆነ ሌላ ስም ያውጡለት።

ሥራው ራሱ ሥራ እንዳልሆነ የሚነግሩኝም አሉ። መርካቶ ሰባተኛ ላይ ከቤቴ ፊት ለፊት የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥ ጎረቤቴ፣ ተጫዋቹን እናውቃለን፣ አሠልጣኙን እናውቃለን፣ ዳኛውንም እንሰድባለን፤ መረብ ሠሪ የሚባል ግን ሰምተን አናውቅም አለኝ። ከወንበርህ የምትነሣው መረቡ ሲወዛወዝ አይደል እንዴ ብዬ መለስኩለት። ለእሱ መመለሴ ብቻ ግን አልበቃኝም፤ ስለዚህ ልጽፈው ተነሣሁ። ለመጻፍ ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን በቦታው እናገራለሁ።

መርካቶ የገባሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከጉራጌ አገር፣ ሸማ ተራ ሱቅ የነበረው አጎቴ ዘንድ። ሥራዬ ነጠላ ማጠፍና ጋቢ መዘርጋት ነበር። ገበያተኛ ጋቢውን ሁሉ ካስዘረጋኝ በኋላ ነካክቶ ጥሎኝ ሲሄድ እናደዳለሁ፤ አፌም አያርፍም። ከአንዲት ሙሽራ እናት ጋር ከተጣላሁ በኋላ አጎቴ፣ አንተ ሰው ፊት የምትቆም አይደለህም ብሎ ከሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ለሚሠሩት ለጋሽ ሸምሱ ሰጠኝ።

ጋሽ ሸምሱ የስልጤ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ዝዋይ ሐይቅ ዳር የዓሣ መረብ ሲሠሩ ኖረው፣ መርካቶ ገብተው ገመድ መሸጥ ጀመሩ። አንድ ቀን የአንድ ፋብሪካ ቡድን ለሜዳው መረብ የሚሠራለት ሰው ፍለጋ መጣ። ዓሣ የያዘ ኳስ አያመልጠውም ብለው ተቀበሉ፤ ከዚያ ወዲያ ዓሣ ነክተው አያውቁም።

እጃቸውን ሳይታጠቡ ገመድ አይነኩም። በጸሎት ጊዜ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሲባጎ ለመቁረጥ እንኳ ሳሙና ይጠይቃሉ። ቅባት የነካው ናይሎን ይንሸራተታል፣ ናይሎን ውለታ አያውቅም፣ ስለዚህ አንድ ዙር አትመነው፣ ሁለቴ አዙረህ ሳበው ይሉኝ ነበር። የተቆረጠውን ጫፍ በክብሪት አቅልጠው ገና ሳይበርድ በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል፤ አውራ ጣታቸው እንደ ተረከዝ ደድሮ ነበር። መርፌያቸው ከበሬ ቀንድ የተጠረበ፣ መሐሉ ላይ ክር የሚጠቀለልበት ጠፍጣፋ ነገር ነው። የመረቡ ዓይን ሁሉ እኩል እንዲሆን እያንዳንዱን በአንዲት ቁራጭ እንጨት ላይ ይቋጥሩታል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የቋጠርኩትን አንድ ክንድ የሚሆን መረብ አይተው ቁጭ ብለው ፈቱትና ክሩን መልሰው ሰጡኝ። ይህንን አራት ቀን አደረጉ። በአምስተኛው ቀን አልፈቱትም፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ አለኝ ማለት ጀመርኩ።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ግን ዳሰሳ የሚሉትን ነገር ነው። መረብ ከተሰቀለ በኋላ፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል፣ ከቀኙ ቋሚ ሥር ይንበረከካሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። መረቡ ከቋሚው ጋር የታሰረበትን እያንዳንዱን ቋጠሮ በመዳፋቸው እየነኩ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ አግዳሚው ላይ በመሰላል፣ ከዚያ በግራው ቋሚ ወደ ታች፣ ከዚያም መሬት ላይ ካስማ የተመታበትን ሁሉ። ሁለቱንም ጎል እንዲህ ሳያዳርሱ ምሳ አይቀምሱም። በዓይን ቢያዩት ምናለበት ብዬ አንድ ጊዜ ጠየቅኋቸው። "ዓይን ቶሎ ይጠግባል፤ እጅ አይጠግብም" አሉኝ። ሌላም ነገር ይሉ ነበር። መረብ ጎል አያገባም፣ ጎልም አይከለክልም፤ ኳሷ በየት እንዳለፈች የሚናገር ምስክር ነው፤ እኛ ደግሞ የምስክሩ ጠባቂዎች ነን ይሉ ነበር።

አሠሪያችን አቶ ዘለቀ ይባሉ ነበር። ሰባተኛ ላይ የስፖርት ዕቃ መደብር ነበራቸው፤ እኛ እንሠራለን፣ እሳቸው ይሸጣሉ፣ ያከራያሉም፣ ሰቅሎ ማስረከቡም በእኛ ነው። በክፍያ ባማቸው ውሸት ይሆንብኛል፤ አንድም ወር አላዘገዩብንም። አንድ ችግር ብቻ ነበረባቸው፣ ጉራ። ሱቃቸው የገባ ሰው ሁሉ "የእኛ መረብ ቀዳዳ የለውም" የሚለውን ሳይሰማ አይወጣም። ጋሽ ሸምሱ ይህን በሰሙ ቁጥር፣ መረብ ሁለመናው ቀዳዳ ነው፣ ሰውየው ምን ማለቱ ነው ብለው ይስቁ ነበር። እኔ ግን አባባሉን ወደድኩት። በየሄድኩበት እኔም እለው ጀመር።

የሄድኩበትን ሁሉ ልቁጠር ብል አልጨርሰውም። አገሩን ያየሁት በጎል በኩል ነው። ሌላው ሰው ድሬዳዋን በከዚራ ጥላና በባቡር ጣቢያው ሲያስታውስ፣ እኔ የማስታውሰው ፀሐዩ ናይሎኑን አድርቆ እንደ ስንደዶ ሲያንኮሻኩሸው ነው። ጅማ ተቃራኒው ነው፤ ዝናቡ ገመዱን አሳብጦ ቋጠሮው በጥርስ እንኳ አይፈታም። ባሕር ዳር ነፋስ ከሐይቁ ሲነሣ መረቡ እንደ ሸራ ይነፋና በረኛው የገባ እየመሰለው ዞር ዞር ይላል። ሐዋሳ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከአግዳሚው ላይ ተኮልኩለው ያዩኝ ነበር፤ እነሱም መረብ ያውቃሉ መሰለኝ፣ አልወደዱኝም። ጅግጅጋ፣ ጎንደር፣ አርባ ምንጭ፣ ነቀምቴ፣ መቀሌ፤ ከአውቶቡስ ተራ ተነሥቶ መኪና የሚደርስበት ስታዲየም ሁሉ ደርሻለሁ። አንዱ ሜዳ ላይ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ጠዋት የሰቀልኩትን መረብ ከሰዓት ፍየል በልታው አገኘሁ። አዲሱ ገመድ ጨው ጨው ይላል መሰለኝ። ባለቤቷ ደግሞ ፍየሌ ታመመችብኝ ብሎ ሊከሰኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ስታዲየም ዞሬ አንድም ጨዋታ እንደ ሰው ተመልክቼ አላውቅም። ቦታዬ ከጎሉ ጀርባ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ የዕቃ ሣጥኔ ላይ ነው። ኪሴ ውስጥ የተቆራረጠ ሲባጎ አለ። ኃይለኛ ምት መጥቶ ማሰሪያ ሲበጥስ፣ ኳሷ ወደ መሐል ሜዳ ስትመለስ ጠብቄ፣ ተንበርክኬ ሁለቴ አዙሬ እስባለሁ። ዳኛው ሳያቆም፣ በረኛውም ሳያየኝ እጨርሳለሁ። በዚህ ፍጥነቴ እኮራ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ማንም አይስተካከለኝም። ያጠፋኝም ይኸው ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ደቡብ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ ክለቡ ከፈረሰ ስለቆየ ስሙን ማንሣት አያስፈልግም፣ የነበሩበት ሰዎች ያውቁታል። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ባለሜዳው ካሸነፈ ይተርፋል፤ አቻ ከወጣ ወይም ከተሸነፈ ይወርዳል። ጋሽ ሸምሱን በዚያ ሰሞን ስኳር እግራቸውን ይዟቸው ነበርና ብቻዬን ሄድኩ። ጠዋት ሁለቱንም መረብ ሰቅዬ፣ ዳሰሳዬን ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ጎል ጨረስኩ። የሁለተኛውን ቀኝ ቋሚና አግዳሚውን ጨርሼ፣ ግራውን ቋሚ ከላይ ወደ ታች እስከ ወገቤ ድረስ እንደወረድኩ የክለቡ ሰዎች ምሳ ቀርቧል፣ የመርካቶውን እንግዳ እየጠበቅን ነው ብለው መጡ። ጥሬ ሥጋ ነበር። የቀረውን ጎንበስ ብዬ በዓይኔ አየሁት፤ ደህና ነው። ሄድኩ።

ከዕረፍት በኋላ ዜሮ ለዜሮ ነበሩ፤ ባለሜዳው የሚያጠቃው እኔ ወደተቀመጥኩበት፣ ወደ ሁለተኛው ጎል ነው። ደሳለኝ የሚባል ግራ እግር አጥቂ ነበራቸው፤ የከተማው ልጅ፣ ገና ሃያዎቹን የጨረሰ። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከግራ በኩል ገባና ከጠባብ ቦታ በሙሉ ኃይሉ መታት። ኳሷ በበረኛውና በግራው ቋሚ መሐል፣ በጉልበት ከፍታ ስትገባ በሁለት ዓይኔ አየሁ። ገብታም መረቡን መታች፤ ማሰሪያው ግን የቋሚው ዝገት ሞርዶት ኖሮ ተበጠሰ፤ ኳሷ በመረቡና በቋሚው መሐል ሾልካ ወደ መሮጫው ወጣች። በሌላ በኩል ለቆመ ሰው ከጎሉ ውጭ አልፋ የጎን መረብ የነካች ነው የምትመስለው።

ስታዲየሙ ግማሹ ጎል ብሎ ተነሣ፣ ግማሹ ራሱን ያዘ። ተጫዋቾቹ ወደ ዳኛው ሮጡ። እኔስ ምን አደረግሁ? ማሰሪያ ሲበጠስ ሁሌ የማደርገውን። እጄ ኪሴ ገባ፣ ተንበረከክሁ፣ ሁለቴ አዙሬ ሳብሁ። አሥር ሰከንድ አይሞላም። ምን እያደረግሁ እንደሆነ የገባኝ ከተነሣሁ በኋላ ነው። የሠላሳ ሺህ ሰው ሜዳ አልነበረም፤ ግን ያለው ሰው ሁሉ ዳኛውን እያየ ነበርና ማንም አላየኝም፤ እኔ እንደዚያ መሰለኝ።

ዳኛው ከረዳቱ ጋር መጣ። ግራውን ቋሚ ከላይ እስከ ታች እየጎተተ መረመረ፤ መረቡ ሙሉ ነው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"ቀዳዳ ነበረው?" አለኝ።

እጄን ይቅር እለዋለሁ። እጅ የለመደውን ነው የሚሠራው። ያኔ ግን እጄ ሳይሆን አፌ ነው የተጠየቀው፤ ለማሰብም ጊዜ ነበረኝ። ምሳው ትዝ አለኝ። ያልዳሰስኩት ትዝ አለኝ። በሕዝብ ፊት መረቡ የተበጠሰበት የመርካቶ ሰው መባል ትዝ አለኝ።

"የእኔ መረብ ቀዳዳ የለውም" አልኩት።

ዳኛው የጎል ምት ሰጠ። ደሳለኝ በእናቱ ስም እየማለ ገፈተረው፤ በቀይ ወጣ። ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ አለቀ፤ ክለቡ ወረደ። ደሳለኝ ዳኛ በመግፋቱ ዓመት ታገደ፤ ክለቡም በዚያው ተበተነ፤ ደሳለኝ ከዚያ በኋላ ትልቅ ሜዳ ላይ አልተጫወተም። የከተማው ሰው ጎሉን ስቶ የመረብ ቀዳዳ ላይ አላከከ ብሎ ቀዳዳው የሚል ቅጽል ስም እንዳወጣለት ወሬው መርካቶ ድረስ መጣ።

መረቦቹን ከነማሰሪያቸው አውርጄ ተመለስኩ። ለጋሽ ሸምሱ ምንም አልነገርኳቸውም። እሳቸው ግን ከጉዞ የተመለሰን መረብ ሁሉ እንደ ልማዳቸው ጭናቸው ላይ ዘርግተው መዳሰስ ጀመሩ። እኔ ሳሙና ፍለጋ የወጣሁ መሰልኩ። ስመለስ አንድ ቦታ ላይ አውራ ጣታቸው ቆሟል።

"ይሄ ቋጠሮ ቆመህ የቋጠርከው አይደለም" አሉኝ። "ተንበርክከህ፣ ቸኩለህ ነው። ጫፉም አልተቃጠለም። በጨዋታ መሐል ምን ሆነ?"

ነገርኳቸው። ምሳውንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። መሳሳት ሰው ሆኖ መፈጠር ነው፣ ዝገት እኔንም ያታልለኛል አሉ። ከዚያ ግን ድምፃቸው ተለወጠ።

"ምስክር ነው ብዬህ አልነበረም? አንተ የምስክሩን አፍ ሰፋኸው። አሁን የሚናገረው አንተ ብቻ ነህ።"

በማግሥቱ አቶ ዘለቀ ዘንድ ሄድኩ። ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ለምን ትቆሰቁሳለህ አሉኝ፤ ይህ ከተሰማ አንድም ስታዲየም ከእኛ መረብ አይወስድም፣ እዚህ የሚሠራው ሰው ሁሉ እንጀራው በአንተ ምላስ ላይ ነው አሉኝ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። እኔ ግን እምቢ አልኩና ውድድሩን ወደሚያካሂዱት ሰዎች ሄድኩ። አንድ ጨዋ ሰውዬ ሻይ አዘዘልኝ፣ እስከ መጨረሻው ሰማኝ፣ ከዚያም አቤቱታ የሚቀርብበት ጊዜ አልፏል፣ ዳኛው የወሰነው አይለወጥም አለኝ። አንዲት መስመር አልጻፈም።

ደረጃውን ስወርድ የተሰማኝን ልናገር? ቀለለኝ። ደስ አለኝ። እኔ ተናግሬያለሁ፣ ያልሰሙኝ እነሱ ናቸው አልኩ። አቶ ዘለቀም ሲሰሙ ተቆጡና ሁለት ወር ከሥራ አቆሙኝ፤ ያንን እንደ ቅጣቴ ቆጠርኩት፣ የተከፈለ ነገር አደረግሁት። ጋሽ ሸምሱ ግን ይህ አልገባቸውም። ለተጫዋቹ ልጅስ ነገርከው ወይ አሉኝ። አልነገርኩትም አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ነው በሕይወት የቆዩት፤ በየጊዜው ይጠይቁኝ ነበር። መጨረሻ አካባቢ፣ ቤታቸው አንዋር መስጊድ ጀርባ ተኝተው ሳሉ ልጠይቃቸው ሄድኩ፤ ያንኑ ሲጠይቁኝ መንገዱ ሩቅ ሆኖብኝ ነው አልኳቸው።

"ጅግጅጋ ደርሰህ የምትመጣ ሰው እሱ ጋ ነው የራቀህ?" አሉኝ።

ከዚያ ጨዋታ ወዲህ ሃያ ዓመት ሠራሁ፤ ዳሰሳ አንድም ቀን አልዘለልኩም። ጥሩ ሠራተኛ ሆንኩ፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። አቶ ዘለቀ መደብሩን ሲዘጉ የራሴን ከፈትኩ። የዚያች ከተማ ሥራ በመጣ ቁጥር ግን ምክንያት አገኝ ነበር፤ ሠርግ አለብኝ፣ ወገቤ ታመመ፣ ሌላ ሰው ይሂድ። አሁን አሁን በማሽን የተቋጠረ መረብ በኮንቴይነር ይገባል። ሰው ይህን ሲሰማ እንዳለቅስ ይጠብቃል። አላለቅስም፤ ዓይኑ እኩል ነው፣ ቋጠሮው ጥብቅ ነው፣ ጥሩ መረብ ነው። ከቋሚው ጋር የሚያስረው ግን ዛሬም የሰው እጅ ነው፤ ያ እጅ ደግሞ ለምሳ ሊቸኩል ይችላል።

ባለፈው ዓመት እጄ መርፌውን መያዝ አቃተው፤ አቆምኩ። ሰው ሥራ ሲፈታ ሐሳብ ይበዛበታል። አንድ ጠዋት ለልጄ ለሄለን እዚያች ከተማ ልሄድ ነው አልኳት፤ ምክንያቱንም ነገርኳት። አባዬ ማን ያስታውሰዋል፣ በዚህ ዕድሜህ ስምህን ለምን ታጠፋለህ አለችኝ። ስሜ የእኔ ነው፣ ከፈለግሁ አጠፋዋለሁ አልኳት። ተኮራርፈን አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘችኝ።

ደሳለኝን ማግኘት አልከበደኝም። ቀዳዳው የት ነው ብዬ መጠየቅ አሳፍሮኝ ድሮ ኳስ ይጫወት የነበረ ደሳለኝ እያልኩ ጠየቅሁ፤ የሚነግሩኝ ሁሉ ግን በዚያ ስም ጠርተው ነው የነገሩኝ። ወፍጮ ቤት አለው። ስደርስ የገበያ ቀን ነበር፤ እህል የያዙ ሴቶች በር ላይ ተሰልፈዋል፣ ሞተሩ ያጓራል። እሱ ከእግር እስከ ራሱ ዱቄት ለብሶ ቋቱ ሥር ቆሟል። ሃምሳ ዓመት ሞልቶታል፤ አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ያው ራሱ ነው።

ተጠጋሁና ስሜን ነገርኩት። አልሰማኝም፤ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። ጮክ አልኩ። የመረቡ ሰውዬ ነኝ አልኩት። አሁንም ራሱን ነቀነቀ። ከዚህ በላይ ካዘገየሁት ተመልሼ አውቶቡስ እንደምሳፈር ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ባለኝ ድምፅ ሁሉ መጮህ ጀመርኩ፤ በዚያ ጨዋታ ከጎሉ ጀርባ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ለዳኛው የመለስኩት እኔ ነኝ። እሱ ከንፈሬን እያየ እጁን ወደ ማጥፊያው ላከ። ሞተሩ ቀጥ አለ፤ እኔ ግን ጩኸቴን ማቆም አልቻልኩም።

"ኳሷ ገብታ ነበር! ቀዳዳውን የቋጠርኩት እኔ ነኝ!"

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። አንዲት እናት በቆሎ የሞላ ስልቻዋን መሬት አስቀምጣ፣ እስከ ዛሬ የት ነበሩ ብላ ጠየቀችኝ።

ደሳለኝ እጁን በሱሪው ጠረገና ወንበር አቀረበልኝ። እሱ አልተቀመጠም።

"አይቼዎታለሁ" አለኝ። "ዳኛው ጋ ስሮጥ ዞር ብዬ ሲቋጥሩ አይቼዎታለሁ።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አላየኝም ብዬ ነበር። ታዲያ ለምን አልተናገርክም አልኩት።

"ተናገርኩ እንጂ ጋሼ። ለዳኛው ተናገርኩ፣ ለጨዋታው ኮሚሽነር ተናገርኩ፣ እዚህ ከተማ ያልነገርኩት ሰው የለም። ዳኛው ግን የጠየቀው እርስዎን ነው።"

ይቅር በለኝ አልኩት፤ ከወንበሩ ተነሥቼ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል በሁለት እጁ ክንዴን ይዞ ከለከለኝ። አጥብቆ ነበር የያዘኝ፤ በአክብሮት ብቻ አልነበረም። ይቅርታውን እንዳልሰጠኝ መደበቅ አልፈልግም። እናቴ የሞተችው ልጄ በስሜ በሐሰት ማለ እያለች ነው አለኝ፤ በእሷ ፈንታ እኔ ይቅርታ ልሰጥ አልችልም አለ። ከዚያ በሩ ላይ ወደቆሙት ሴቶች ጠቆመኝና፣ እነዚህ ሰምተዋል፣ እስከ ነገ ግማሹ ከተማ ይሰማል፤ እኔ ግን የሰው ወሬ ጠግቤያለሁ አለኝ።

"በወረቀት ያድርጉልኝ" አለ። "ስምዎን ያስገቡ። የእኔንም ያስገቡ።"

ሞተሩን መልሶ አስነሣው። እኔም አውቶቡሴን ያዝኩ።

መርካቶ ስመለስ ይህን እንደምጽፍ ለወዳጆቼ ተናገርኩ። አቶ ዘለቀ በስልክ የመደብሩን ስም እንዳልጠራ ለመኑኝ፤ አልጠራሁም፣ መደብሩ አልዋሸም። ሌሎች ደግሞ የሠላሳ አምስት ዓመት ሥራህን በአንድ ቀን ስህተት አታስመዝነው አሉኝ። አልሰማኋቸውም። የሰቀልኳቸው መረቦች በሙሉ፣ የዞርኳቸው ስታዲየሞች በሙሉ የእኔ ከሆኑ ያች አንዷም የእኔ ናት፤ መርጬ አልወስድም። የሚስቅ ይሳቅ፣ ከዚህ በኋላ ሰላምታ የሚነፍገኝም ይንፈገኝ።

ስሜ ገብሬ ወልደየስ ነው፤ ሥራዬ የጎል መረብ መሥራትና መስቀል ነበር። በዚያ ጨዋታ ከሁለተኛው ጎል ጀርባ ሦስት እርምጃ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ከእኔ የሚቀርብ ሰው አልነበረም። ደሳለኝ አልዋሸም፣ በእናቱም በሐሰት አልማለም። ዳኛው ቀዳዳ ነበረው ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ነበረው። ኳሷም ገብታለች።